ጋቢውን ገለጥ አድርጋችሁ እዩ

በጎጃም ሆስፒታሎች ለፊዚዮቴራፒ ሥራ ለምትዘጋጁ ልጆቼ፦

አንገቱ የተጎዳ በሽተኛ ስትመረምሩ ዓይናችሁ ቀድሞ ወደ እጁና ወደ እግሩ እንደሚሄድ አውቃለሁ፤ እኔ ግን ከሁሉ አስቀድማችሁ ሆዱን እንድታዩ እለምናችኋለሁ። ድያፍራምን፣ ማለትም ደረትን ከሆድ የሚለየውን ዋናውን የመተንፈሻ ጡንቻ፣ የሚያንቀሳቅሰው ፍሬኒክ ነርቭ የሚነሣው ከ3ኛው እስከ 5ኛው ካሉት የአንገት ነርቮች ስለሆነ፣ እዚያ ላይ የደረሰ ጉዳት ክንድን ብቻ ሳይሆን ትንፋሽንም ያደክማል።

ጀማሪ ሳለሁ፣ ባሕር ዛፍ ሲመለምሉ ወድቀው የመጡ የአንድ አባት ትንፋሽ ጋቢያቸውን እንደለበሱ ቆጠርሁ። በደቂቃ 18 ሆነ፤ ለአዋቂ ሰው ከ12 እስከ 20 ደኅና ነውና እንዲሁ ጻፍሁ። አብራኝ የነበረች ነባር ነርስ «አባቴ፣ ይፍቀዱልኝ» ብላ ጋቢውን ገለጥ አደረገችው። አየር ሲስቡ ሆዳቸው በመነፋት ፈንታ ወደ ውስጥ ይሰረጉድ ነበር፤ የአንገታቸው ጡንቻዎችም በየትንፋሹ ይገታተሩ ነበር። የቆጠርሁት ቁጥር ልክ ነበር፤ ድያፍራማቸው እየደከመ መሆኑን ግን አልነገረኝም። ያን ቀን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

አኳኋንም ብዙ ይናገራል። ድያፍራሙ የደከመ ሰው በጀርባው ሲተኛ ይጨነቃል፣ ትራስ ደርቡልኝ ይላል። ጉዳቱ ከእነዚያ የአንገት ነርቮች ዝቅ ብሎ ድያፍራሙ ተርፎለት የጎድን ጡንቻዎቹ የሰነፉበት ሰው ግን፣ ሲቀመጥ ሆዱ ወደ ፊት ስለሚወድቅና ድያፍራሙ ስለሚጠፈጠፍ፣ ተጋድሞ የተሻለ ይተነፍሳል፤ እሱ አየር ሲስብ ሆዱ ይነሣል፣ ደረቱ ይገባል። ሁለቱን አታምታቱ። አጥንቱ መጽናቱ ሳይረጋገጥ ግን አዲስ የወደቀን ሰው ለመፈተን ብላችሁ ቀና አታድርጉት።

ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ የሚያስጠነቅቃችሁ ዘግይቶ ነው፤ በሽተኛው ጡንቻው እየዛለ ሳለ ቁጥሩ ደኅና ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ በረጅሙ አየር ስቦ በአንድ ትንፋሽ ጮክ ብሎ ይቁጠርላችሁ፤ ጠዋት 30 ደርሶ ማታ 15 ላይ ከቆመ፣ ወይም ሳሉ አክታ መግፋት ካቃተው፣ ሐኪሙን ያን ጊዜውኑ ጥሩ። በካርዱም ላይ ሰዓቱን፣ ተኝቶ ይሁን ተቀምጦ፣ የሆዱንም አነቃነቅ አብራችሁ ጻፉ፤ ሌሊት የሚረከባችሁ ተረኛ ለውጡን የሚያውቀው በዚያ ነው።