ብሩ ቀን ይኑረው፦ ወደ ወረዳ ለምትሄዱ ልጆች

ይህን የምጽፈው ትምህርታችሁን ጨርሳችሁ ወረዳ ለምትመደቡ ልጆች ነው። ግብርና፣ ኢኮኖሚክስ ወይም ሶሻል ወርክ ተምራችኋል። ብዙዎቻችሁ ሴፍቲኔት ላይ፣ ማለትም ለችግረኛ የገጠር ቤተሰቦች ብር ወይም እህል በሚሰጠው የመንግሥት ፕሮግራም ላይ ትሠራላችሁ። ባትሠሩም ሥራው በጠረጴዛችሁ ላይ ማለፉ አይቀርም። አዲስ አበባ ወይም ዐረብ አገር ሆናችሁ ለገጠር ወላጆቻችሁ ብር የምትልኩም ብታነቡት ደስ ይለኛል።

እኔ የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ሰሜን ወሎ ውስጥ፣ በምግብ ዋስትና ሥራ ነው። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ከዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ነገር ብቻ ንገረን ብትሉኝ የምላችሁ ይህን ነው። ችግረኛ የገጠር ቤተሰብ የሚቋቋመው ብሩ መቼ እንደሚመጣ ሲያውቅ ነው። የብሩ መጠን ትልቅ ነገር ነው። ቀኑ ግን ይበልጣል።

ለምን እንደምል እንዲገባችሁ ከ1997 ዓ.ም. በፊት የነበረውን ላንሳ። በልግ ወይም መኸር ሲከሽፍ ወረዳው ሪፖርት ይጽፋል። ክልሉ አይቶ ወደ ላይ ያስተላልፋል። መንግሥት ለለጋሾች ጥሪ ያቀርባል። ስንዴው በመርከብ ተጭኖ ወደብ ይደርሳል፣ ከዚያ በመኪና ተራራውን ይወጣል። እህሉ ቀበሌ ሲደርስ ገበሬው በሬውን ሸጦ ጨርሷል። ሰው ከሞት ይተርፋል፣ ቤቱ ግን ባዶ ይቀራል። በሚቀጥለው ዓመት ዝናቡ ጥሩ ቢሆን እንኳ የሚያርስበት በሬ የለውም። ስለዚህ ደግሞ ይመዘገባል።

በ1995 ዓ.ም. ድርቅ ከ13 ሚሊዮን በላይ ሰው ዕርዳታ ፈላጊ ሆነ። ያ ዓመት መንግሥትንም ለጋሾችንም አንቅቷል። በየዓመቱ የሚራብ ሰው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ከታወቀ በየዓመቱ እንደ አዲስ መለመን ለምን አስፈለገ? ከዚህ ጥያቄ የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ወጣ፣ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ኋላ ላይ ወደ 8 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው አቀፈ።

አሠራሩን ስትደርሱ በደንብ ታውቁታላችሁ፣ እዚህ ባጭሩ ልለፈው። ሥራ የሚችል ሰው ያለበት ቤት የማኅበረሰብ ሥራ ይሠራል። እርከን ይሠራል፣ መንገድ ይጠርጋል፣ ኩሬ ይቆፍራል። ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በወር 5 ቀን ይታሰባል። ለሥራው የሚከፈለው በዓመት ለ6 ወር ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከጥር እስከ ሰኔ። ጉልበት የሌላቸው አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ሥራ ሳይጠየቁ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ። ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶችም ከሥራው ይታለፋሉ፣ ክፍያው አይቀርባቸውም። መጀመሪያ ላይ የቀን ክፍያው 6 ብር ነበር። ለአምስት ሰው ቤተሰብ በወር 150 ብር ማለት ነው። ያን ጊዜም ብዙ ብር አልነበረም።

መቄት ውስጥ የማውቃት አንዲት እናት ነበረች። ባሏ ሞቷል። ሦስት ልጆች አሏት። መሬት አላት፣ በሬ ግን የላትም። ስለዚህ መሬቷን በእኩል ትሰጣለች፣ አራሹም የምርቱን ግማሽ ይወስዳል። የቀረው እስከ ጥር ቢያደርሳት ነው። ከዚያ ወዲያ ከነጋዴ ትበደራለች። በሰኔ አንድ ቁና የወሰደች በኅዳር ሁለት ቁና ትመልሳለች። አዲሱ እህል አውድማ ላይ እያለ ግማሹ የሌላ ሰው ነው። ትልቁን ልጇን ሰው ቤት በእረኝነት አስቀጥራው ነበር፣ አንድ አፍ እንዲቀንስላት።

ሴፍቲኔት ስትገባ የመጀመሪያዎቹ ክፍያዎች ቀን አልነበራቸውም። አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ሁለት ወር ይዘገያል። እሷም እንደ ድንገተኛ ዕርዳታ ነበር የምትይዘው። ብሩ እጇ ሲገባ በሙሉ እህል ትሸምትበታለች። ዳግም ይመጣል ብላ አታምንም። ልክ ነበረች። እኔ ብሆንም እንደዚያው ነበር የማደርገው።

ክፍያው መስመር ይዞ በየወሩ መምጣት ሲጀምር ነገሩ ተለወጠ። ብሯን ተቀብላ ከባሕር ዛፉ ሥር ትቀመጥና በነጠላዋ ጫፍ ሦስት ቋጠሮ ትቋጥራለች። ትልቁ ለእህልና ለጨው ነው። ሁለተኛው ለሳሙናና ለደብተር። ትንሿ ሦስተኛ ቋጠሮ የእቁብ ናት።

እዚህች እቁብ ላይ ቆም በሉ። እቁብ የሚገባው ቀን ያለው ሰው ነው። ደሞዝተኛ ይገባል፣ ነጋዴ ይገባል። ገቢው መቼ እንደሚመጣ የማያውቅ ድሃ ልግባ ቢልም ዳኛው አይቀበለውም፣ ዋስ የሚሆነውም አያገኝም። ያቺ እናት በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ እቁብ የገባችው ሴፍቲኔቱ ቀን ስለሰጣት ነው። ዕጣው ሲደርሳት ሴት በግ ገዛች። ባለሱቁም ቢሆን ያው ነው። ክፍያዋ የወሩ መጨረሻ ላይ እንደሚደርስ ሲያውቅ ዘይትና ጨው ያለ ወለድ በዱቤ ይሰጣት ጀመር። የእህል ነጋዴው ደጅ መመላለሷም እየቀነሰ መጣ፣ ኋላ ላይ ጭራሹን ተወችው። ልጁ ከእረኝነት ተመልሶ ትምህርት ቤት ገባ። ከታናሹ ጋር እኩል ክፍል ነበር የተቀመጠው፣ ግን ገባ።

ሀብታም ሆነች አላልኩም። ለረጅም ጊዜ በሬ አልነበራትም። ክፉ ቀን ሲመጣ ግን የምትሸጠው በግ ነበራት፣ ከሸጠችም በኋላ እንደገና የምትገዛበት መንገድ ነበራት። ድህነት ውስጥ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

የአንድ ሰው ታሪክ ብቻውን ማስረጃ እንዳልሆነ ተምራችኋል። እሺ። የዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ጥናት ተቋም ተመራማሪዎች ሴፍቲኔትን ከጅምሩ አንስቶ በተከታታይ አጥንተውታል። 5 ዓመት ክፍያ ያገኙ ቤተሰቦች፣ አንድ ዓመት ብቻ ካገኙት ጋር ሲነጻጸሩ፣ በዓመት ውስጥ የሚራቡበት ጊዜ በ1.29 ወር አጥሯል። የከብት ሀብታቸውም ጨምሯል። አንድ ወር ከምናምን ቢሮ ውስጥ ሆኖ ለሚያየው ትንሽ ይመስላል። ነሐሴን ያለ እህል ያሳለፈ ቤት ግን ያውቀዋል። ሌላም እውነት አለ፣ እሱን ደብቄ አላልፍም። የሕጻናቱ የሰውነት ዕድገት በዚያው ልክ አልተሻሻለም። ሆድ መሙላትና ልጅን በሚገባ መመገብ ይለያያሉ። ንጹሕ ውኃ፣ ጤና ኬላና የእናቶች ምክር ከብሩ ጎን መቆም አለባቸው።

ብሩ ለጎረቤትም ይተርፋል። ከ2003 እስከ 2006 ዓ.ም. ድረስ ትግራይ ውስጥ፣ ሕንጣሎ ወጀራትና ዓብይ ዓዲ ላይ፣ በዩኒሴፍ ድጋፍ አንድ የሙከራ ፕሮግራም ነበር። ጉልበት ለሌላቸው በጣም ድሃ ቤተሰቦች በወር 155 ብር ይሰጥ ነበር፣ ልጆችና አካል ጉዳተኛ ላለባቸው ደግሞ ተጨማሪ። ጥናቱ የብሩን ጉዞ ተከተለ። ሕንጣሎ ወጀራት ላይ የተሰጠው አንድ ብር በአካባቢው ወደ 2.52 ብር የሚጠጋ ገቢ ፈጥሯል። የዋጋ ጭማሪው ሲቀነስ ቁጥሩ ዝቅ ይላል፣ ግን ከአንድ ብር በታች አይወርድም። ምክንያቱ ቀላል ነው። አሮጊቷ ብሩን ከጎረቤቷ ዶሮ ትገዛበታለች። ጎረቤቷ በዚያው ብር ዱቄት ታስፈጫለች። ባለወፍጮው ሠራተኛ ይቀጥራል። ስለዚህ የሴፍቲኔት ብር ባክኗል የሚላችሁ ሰው ካለ ቅዳሜ ገበያ ይዛችሁት ውረዱ።

ደግሞ «ብር ከሰጠኸው ይጠጣዋል» የሚል ትሰማላችሁ። በተማረ ሰው አፍ ጭምር። የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ከአፍሪካ፣ ከእስያና ከላቲን አሜሪካ የተሰበሰቡ ጥናቶችን አንድ ላይ አይተዋል። የገንዘብ ድጋፍ የሚያገኙ ቤተሰቦች ለመጠጥና ለትንባሆ የሚያወጡት አልጨመረም። እኔም በወረዳው ዘመኔ ያየሁት ከዚህ አይለይም። የሚጠጣ ሰው አለ፣ ደሞዝተኛም ውስጥ አለ። ስለ እሱ ብላችሁ በመቶ የሚቆጠሩ እናቶችን አትቅጡ። «ሰነፍ ያደርጋቸዋል» ለሚሏችሁም እርከኑን አሳዩአቸው። በሰው እጅ ድንጋይ በድንጋይ ላይ የተደረደረ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ብር ዋጋው ይሸረሸራል። በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ሲሰቀል የቀን ክፍያው ከገበያው ጋር መራመድ አልቻለም። ወደ 8፣ ቀጥሎም ወደ 10 ብር ከፍ ቢልም ያው ነበር። ብር የሚያገኙ ቤተሰቦች «እህሉን ስጡን» አሉ። አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህን ኋላቀርነት አደረጉት። እኔ ግን ትክክለኛ ስሌት ነበር እላለሁ። የቀኑ ክፍያ በእህል ሲሆን 3 ኪሎ ስንዴ ሁልጊዜ 3 ኪሎ ነው፣ 6 ብር ግን የሚገዛው በየሳምንቱ ይለያያል። ስለዚህ ወረዳ ስትደርሱ የገበያውን ዋጋ በየሳምንቱ መዝግቡ። የክፍያው መጠን እንዲከለስ የምትከራከሩት በዚያ መዝገብ ነው።

አሁን ስለ እጃችሁ ሥራ ልንገራችሁ። ክፍያ የሚዘገየው ብዙ ጊዜ ብር ጠፍቶ አይደለም። ወረቀት ዘግይቶ ነው። ሥራ ላይ የተገኙት ሰዎች ዝርዝር በቀበሌ ይሞላል። ከዚያ ወረዳ ሄዶ ፔሮል፣ ማለትም የክፍያ መዝገብ ይሆናል። ፋይናንስ ያየዋል፣ ይፈረማል፣ ከዚያ ነው ብሩ የሚወጣው። አንድ ስም ከመታወቂያው ጋር ካልገጠመ ወረቀቱ ወደ ኋላ ይመለሳል። አንድ የልማት ሠራተኛ ዝርዝሩን በአንድ ሳምንት ቢያዘገይ የቀበሌው ሕዝብ በሙሉ ይጠብቃል። በዚያች ሳምንት ውስጥ አንዲት ሴት በጓን ትሸጣለች፣ ሌላዋ ወደ አራጣ አበዳሪው ትመለሳለች። እናንተ አታዩአቸውም። ስለዚህ የዕለቱን ዝርዝር በዕለቱ ሙሉ። ከወሩ መጨረሻ በፊት ስሞቹን ከመታወቂያ ጋር አስተያዩ። ክፍያው እንደሚዘገይ ካወቃችሁ አትደብቁ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅም በመስጊድም አስነግሩ። ስንትና ስንት ሰዓት በእግር ተጉዞ መጥቶ «ዛሬ የለም» የተባለ ሰው የሄደበት ቀንም ቀርቶበታል።

ስትመዘግቡም ቤተሰቡን ሙሉ ቁጠሩ። ስምንት ሰው ያለበትን ቤት አራት ብሎ መጻፍ፣ የቀረውን ለሌላ ቤት ማካፈል፣ በብዙ ቀበሌ የቆየ ልማድ ነው። ከደግነት የመነጨ ነው፣ ሁሉም ይድረሰው ከማለት። ውጤቱ ግን ማንም የማይቋቋምበት ክፍያ ነው። ስለ ምረቃም ተጠንቀቁ። አንድ ቤተሰብ ጥሪት አፍርቶ ራሱን ሲችል ከፕሮግራሙ ይመረቃል፣ ይህ ደስ የሚል ነው። ከላይ «ይህን ያህል ቤት አስመርቁ» የሚል ቁጥር ሲመጣ ግን፣ እኔም ጋ መጥቶ ያውቃል፣ ገና ሁለት በግ ያላት ሴት ስሟ ይነሳል። እምቢ ለማለት የሚያስችላችሁ ማስረጃ ይኑራችሁ። ቤት ለቤት ዞራችሁ የሰበሰባችሁት መረጃ ካለ ኃላፊውም ይሰማችኋል። እኔ ላይ የደረሰው አለቃ መጀመሪያ ተቆጥቶ ነበር፣ መዝገቡን ካየ በኋላ ግን ቁጥሩን ቀነሰው።

የመጨረሻው ለእናንተ፣ ከሩቅ ብር ለምትልኩት ነው። ጅዳ ወይም ቤይሩት ሆናችሁ ዓመት ሙሉ አጠራቅማችሁ ለፋሲካ ወይም ለዒድ ዳጎስ ያለ ብር የምትልኩ ብዙ ናችሁ። ልባችሁን አውቃለሁ። ቤተሰብ ደስ እንዲለው ነው። ነገር ግን ያ ብር ሲደርስ በዓል ይደገስበታል፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ያለፈው ዕዳ ይከፈላል። ሐምሌ ሲመጣ እናታችሁ ደግሞ ትበደራለች። ከቻላችሁ ቀንሳችሁ በየወሩ፣ በአንድ በተወሰነ ቀን ላኩ። የማስተላለፊያው ክፍያ ትንሽ ሊጨምር ይችላል፣ አስሉት። መጠኑን ስትወስኑ ደሞዝ በሚዘገይባችሁ ወርም ልትልኩ የምትችሉትን ያህል ይሁን። ቤት ለመሥራት ወይም በሬ ለመግዛት የሚሆነውን ለብቻው አስቀምጡት፣ ከወሩ ብር ጋር አትቀላቅሉት። ሥራ ከለቀቃችሁ ወይም የማትችሉበት ወር ከመጣ ደግሞ ከቀኑ በፊት ደውላችሁ ንገሯት። ከባለሱቁ ጋር ቀድማ የምትነጋገርበት ጊዜ ታገኛለች።