«የዚሁ አገር ተወላጅ ብቻ» ብዬ ማከራየት አልችልም?

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ አካባቢ ግቢዬ ውስጥ ሦስት ሰርቪስ ክፍሎች አሉኝ። አንዱ ስለተለቀቀ በደላላ በኩል ቴሌግራም ላይ አስለጠፍኩ። «ኦርቶዶክስ የሆነ፣ የዚሁ አገር ተወላጅ፣ ልጅ የሌለው፣ የ6 ወር ቅድሚያ የሚከፍል» ይላል። አሜሪካ ያለችው ልጄ አይታው «እማዬ፣ እዚህ ቢሆን ያስከስስሽ ነበር፣ አጥፊው» አለችኝ። በገዛ ቤቴ ይህን ያህል መብት የለኝም?

መልስ፦ እናቴ፣ መብትማ አለዎት። መክፈል የማይችለውን፣ ዋስ የሌለውን፣ ግቢ የሚረብሸውን «አላከራይም» ቢሉ ማንም አይጠይቅዎትም። በአገራችን የቤት ኪራይ አድልዎን ብቻ የሚመለከት ራሱን የቻለ አዋጅም የለም።

ጣጣው ያለው ማስታወቂያው ላይ ነው። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 በቋንቋ፣ በፆታ፣ በብሔር፣ በሃይማኖት የሰውን እኩልነት የሚጥስ ማስታወቂያ ይከለክላል። የጥላቻ ንግግር አዋጁ፣ ቁጥር 1185/2012 ደግሞ ከዚህ ይከብዳል። በብሔር ወይም በሃይማኖት ሰበብ ሆን ብሎ ጥላቻን ወይም መድልዎን የሚያነሳሳ መልእክት ማሰራጨት እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ያስቀጣል። የእርስዎ ጽሑፍ እዚያ ደርሷል አልልም። «እነ እገሌ አይምጡብኝ» ተብሎ ቢጻፍ ግን ነገሩ ሌላ ነው። «ደላላው ነው የለጠፈው» ማለትም አያድንም፤ ቃሉ የእርስዎ ነው።

ልጅዎ ያለችው እውነት ነው። አሜሪካ በ1968 እ.ኤ.አ. በወጣው የቤት አድልዎ ሕግ፣ ከአራት የማይበልጡ ቤቶች ባሉት ሕንፃ ራሱ የሚኖር አከራይ ተከራይ ሲመርጥ ከብዙው ክልከላ ነፃ ነው። አድሎአዊ ማስታወቂያ ማውጣት ግን ለእሱም አልተፈቀደለትም።

አንድ ነገር ልንገርዎት። ከተማችን ከወለጋም ከሌላም ቦታ የተፈናቀሉ ብዙ ወገኖችን ይዛለች። በዚህ ብርድ ልጅ አዝለው ቤት ሲፈልጉ አያለሁ። አንዲት እናት ያንን ማስታወቂያ ብታነብ በርዎን ሳታንኳኳ ትመለሳለች። ይህ በጣም ያመኛል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 32 ማንም ኢትዮጵያዊ በመረጠው የአገሪቱ ክፍል መኖር ይችላል ሲል እኮ እሷንም ይጨምራል።

ስጋትዎ ይገባኛል። ማዕድ ቤቱ የጋራ ከሆነ በጾም ወቅት የሥጋ ሽታ ሊከብድዎት ይችላል። እንግዲያው እያንዳንዱ በክፍሉ ያብስል ይበሉ፤ ደንቡም ለሁሉም እኩል ይሁን። ክፍሉ ጠባብ ከሆነም ልጅን ከመከልከል ስንት ሰው እንደሚይዝ መጻፍ ይሻላል።

የ6 ወር ቅድሚያውንም ይተዉት። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጁ፣ ቁጥር 1320/2016 ከ2 ወር በላይ መጠየቅን ይከለክላል። ውሉ በጽሑፍ፣ ቢያንስ ለ2 ዓመት ይሆናል፤ በ30 ቀን ውስጥም ይመዘገባል። በክልል ከተሞች የሚሠራው ክልሉ በወሰናቸው ላይ ስለሆነ ከመፈረምዎ በፊት ከተማ አስተዳደሩ ጎራ ብለው ይጠይቁ።

የድሮውን ዛሬውኑ ያስጠፉትና ይህን ያስለጥፉ፦

«ጠባሴ፣ ግቢ ውስጥ የሚከራይ አንድ ሰርቪስ ክፍል። እስከ ሦስት ሰው ይይዛል። መጸዳጃው የጋራ ነው፤ ማብሰል በየክፍሉ። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ከፍተኛ ድምፅ አይፈቀድም። የ2 ወር ቅድሚያና አንድ ዋስ ያስፈልጋል።»