ያ ሁሉ ወሬ ለዚህ ነበር?

ይድረስ በደሴና በኮምቦልቻ ለምትገኙ ፊልም ወዳድ ልጆቼ፤

እንደምን ሰነበታችሁ? ቅዳሜ ቅዳሜ ተሰባስባችሁ ፊልም እያያችሁ እንደምትከራከሩ ስሰማ ደስ ይለኛል። ሰሞኑን ግን ክርክሩ ወደ እሮሮ ተለውጧል አሉ። ዓለም ያጨበጨበለት፣ ሽልማት የተከመረለት ፊልም አይታችሁ "ያ ሁሉ ወሬ ለዚህ ነበር?" እያላችሁ ተበተናችሁ። ከመካከላችሁ አንዱ "እኔ ፊልም አይገባኝም ማለት ነው" ብሎ አንገቱን ደፋ፤ ሌላው "አጭበርባሪዎች ናቸው" ብሎ ፊልም ሠሪዎቹን በጅምላ ረገመ። ሁለቱንም ፍርድ አልወደድኩትም፤ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም እሱ ነው።

እኔ የፊልም ባለሙያ አይደለሁም። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሂሳብ መርማሪ ነበርኩ። ቀን ሐረጎን ወርጄ በኮምቦልቻ ሙቀት የፋብሪካ መዝገብ ሳገላብጥ፣ ማታ ወደ ደሴ ብርድ ተመልሼ ፊልም ሳይ ነው ዕድሜዬ ያለፈው። ሚስቴ ሁለቱንም "ዓይን ማጥፊያ" ትላቸው ነበር። ሙያዬ ካስለመደኝ ነገር አንዱ፣ የተጻፈ ቁጥር ወይም የተሰጠ ምስጋና ሳይ ማን ጻፈው፣ ለማን ብሎ ጻፈው ብዬ መጠየቅ ነው። ይህ ልማድ ለፊልም ተመልካችም አይከፋም።

ከማስታወቂያው ልጀምር። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ፊልሞቹም የእነሱ ናቸው።) የጆርጅ ሉካስ ስታር ዋርስ ሦስተኛ ፊልም በ1983 ከታየ በኋላ፣ ቀጣዩ የወጣው ከ16 ዓመት በኋላ፣ በ1999 ነው። በ1998 መገባደጃ ላይ የዚህ ፊልም ማስታወቂያ በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ከሌላ ፊልም በፊት መታየት ሲጀምር፣ ሰዎች የሌላውን ፊልም ትኬት ገዝተው ይገቡና የሁለት ደቂቃውን ማስታወቂያ ብቻ አይተው ይወጡ ነበር። አስቡት፤ ሙሉ ትኬት ከፍሎ ማስታወቂያ ማየት! ፊልሙ ሲመጣ ደግሞ ገና ከመክፈቻው በስክሪኑ ላይ የሚያልፈው ጽሑፍ በንግድ መስመሮች ላይ ስለተጣለ ግብር ውዝግብ ያወራል። በዚያ አዳራሽ በዚህ የተደሰተ ሰው ከነበረ የእኔው የሙያ ባልደረባ መሆን አለበት። ቅሬታው ለዓመታት አልበረደም። ገቢውስ? ከ900 ሚሊዮን ዶላር በላይ። ልጆቼ፣ የተመልካች ሐዘን በገቢ መዝገብ ላይ መስመር የለውም። ትኬት የሚቆረጠው ከማዘን በፊት ነው።

ማስታወቂያውን ብዙውን ጊዜ የሚቆርጠው ዳይሬክተሩ አይደለም፤ የስቱዲዮው የሽያጭ ክፍል የቀጠራቸው ሌሎች ሰዎች ናቸው። ሥራቸው ፊልሙን መግለጽ ሳይሆን እናንተን ከቤት ማስወጣት ነው። ሰኞ ገበያ ማር የሸመተ ሰው ያውቀዋል፤ ለቅምሻ የሚወጣው ከላይ ያለው ነው። የእኛው አገር ኮሜዲዎችም ከዚህ አያመልጡም፤ የሚያስቁትን አራት ቀልዶች በማስታወቂያው ይጨርሱና አዳራሽ ስንገባ እነዚያኑ አራት ቀልዶች ቁጭ ብለን እንጠብቃለን።

የእናንተው ዘመን ምሳሌ ካስፈለገ የጆከር ሁለተኛ ክፍል አለ። የመጀመሪያው በ2019 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ወርቃማ አንበሳ የተባለውን ትልቁን ሽልማት ወስዶ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ተከታዩ በ2024 ዘፈን የበዛበት ሆኖ ከች አለ፤ በአሜሪካ በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ገቢው ከ80 በመቶ በላይ አሽቆለቆለ። የመጀመሪያው ሳምንት የማስታወቂያው ነው፤ የፊልሙ ውጤት የሚታየው በሁለተኛው ነው። ስለዚህ "በሦስት ቀን ይህን ያህል ሚሊዮን አስገባ" የሚል ዜና ስታነቡ የተመሰገነው የሽያጭ ክፍሉ መሆኑን አትርሱ።

ገቢን ካነሳሁ ክሊዮፓትራ የተባለውን ፊልም ሳልጠቅስ አላልፍም፤ ለሂሳብ መርማሪ ከዚህ የሚጥም ታሪክ የለም። ሁለት ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይበቃዋል ተብሎ ተጀመረ። መሪ ተዋናይዋ ኤልዛቤት ቴይለር ለብቻዋ አንድ ሚሊዮን ተዋዋለች። እንግሊዝ አገር ቤተ መንግሥቱ ሁሉ ተሠራ፤ ተዋናይዋ በጠና ታመመች፤ የተሠራው ተትቶ ሮም ላይ እንደገና ተሠራ። ወጪው ከ30 ሚሊዮን አለፈ። በ1963 በአሜሪካ ከታዩት ፊልሞች ሁሉ ከፍተኛውን ገቢ ያገኘው ይኸው ፊልም ነው፤ ስቱዲዮውን ለኪሳራ አፋፍ ያደረሰውም ይኸው ፊልም ነው። ሁለቱም እውነት ነው። አንድ ቁጥር ብቻ ይዞ የሚከራከራችሁ ሰው ሲመጣ ሌላኛውን ቁጥር ጠይቁት።

አሁን ወደ ደረጃዎቹ ልምጣ፤ ብዙዎቻችሁ የምትታለሉት እዚህ ላይ ነውና። ሮተን ቶሜቶስ የሚባለው ድረ ገጽ አንድን ፊልም 95 በመቶ ሲለው ፊልሙ ከመቶ 95 ነጥብ አገኘ ማለት አይደለም። ከመቶ ሐያሲዎች 95ቱ በጎ አስተያየት ሰጡ ማለት ነው። ሁሉም "ደህና ነው፣ አይከፋም" ቢሉ እንኳ ቁጥሩ ያው ነው። በአንጻሩ ግማሹ ሐያሲ እንደ ተአምር የሚያየው፣ ግማሹ የሚንቀው ደፋር ፊልም 50 ያገኝና የበሰበሰ ተብሎ ይፈረጃል፤ መስመሩ 60 ላይ ነው የተሰመረው። እናንተ ምናልባት የምትወዱት ያንን 50 ያገኘውን ይሆናል።

ሳይት ኤንድ ሳውንድ የሚባል የእንግሊዞች መጽሔት ደግሞ ከ1952 ጀምሮ በየአስር ዓመቱ ሐያሲዎችን እየጠየቀ የምንጊዜም ምርጥ ፊልሞችን ዝርዝር ያወጣል። ሲቲዝን ኬን ከ1962 እስከ 2002 ድረስ አንደኛነቱን ይዞ ቆየ፤ በ2012 የሂችኮክ ቨርቲጎ ተካው፤ በ2022 የቤልጂየሟ ሻንታል አከርማን በ1975 የሠራችው ዣን ዲልማን አንደኛ ሆነ። አሠራሩን ልብ በሉ። እያንዳንዱ መራጭ አስር ፊልም ይጽፋል፤ በአስሩ መካከል የደረጃ ልዩነት የለም። በመጨረሻው ዙር ከ1,600 በላይ ሰዎች መርጠዋል፤ አንደኛ የወጣውን ፊልም በዝርዝራቸው ያላካተቱት ካካተቱት እጅግ ይበልጣሉ። "የዓለም አንደኛ ፊልም" የሚለው ዜና ግን ይህን ሁሉ አይነግራችሁም።

የልጅ ልጄ ያንን ዜና አንብባ ፊልሙን ከቴሌግራም አውርዳ ስታየው አጠገቧ ነበርኩ። ምሽት ነው፤ ጋቢ ለብሳ ስልኳን ረከቦቱ ላይ አስደግፋዋለች። ፊልሙ በብራስልስ የምትኖር አንዲት መበለት ሦስት ቀን የምታሳልፈውን ኑሮ ያሳያል፤ ስታበስል፣ ዕቃ ስታጥብ፣ ድንች ስትልጥ፣ መብራት እያጠፋች ከክፍል ክፍል ስትሄድ። ከሦስት ሰዓት ይበልጣል። የልጅ ልጄ ጣት የስልኩን ጠርዝ ሁለቴ መታ ታደርጋለች፣ አስር ሰከንድ ይዘላል፤ እንደገና ሁለቴ መታ፣ አስር ሰከንድ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጨረሰችውና "አያቴ፣ ይኼ ነው አንደኛ?" አለችኝ።

"ድንቹን ዘለልሽው፤ ፊልሙ እኮ ድንቹ ነው" አልኳት።

አልተቆጣኋትም። የሁለተኛውን ቀን ምሽት ብቻ ሳትነካካ እንድታየው ለመንኳት። በዚያ ቀን ሴትየዋ ድንቹ ከልክ በላይ በስሎባት፣ ድስቱን ይዛ የት እንደምታስቀምጠው ጠፍቷት ከክፍል ክፍል ትንከራተታለች። የመጀመሪያውን ቀን በትዕግሥት ላየ ሰው ይህ ድስት እንደ ነጎድጓድ ነው፤ ለዘለለ ሰው ግን ድስት ነው። የልጅ ልጄ ዝም ብላ አየች። ከዚያ ምን እንዳለች ላሳምረው አልፈልግም፤ "ገባኝ፣ ግን አሁንም ረዘመብኝ፤ ሴትየዋ መፍረስ እንደጀመረች ከድስቱ ላይ አውቄያለሁ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ለእኔ ምንም አልጨመረልኝም" አለች። በዚህ አልተስማማሁም፤ ሆኖም በመጀመሪያው ቅሬታና በሁለተኛው መካከል ያለውን ርቀት ተመልከቱ። ሁለተኛው ማስረጃ አለው።

እግረ መንገዴን፣ የትኛውን ቅጂ ነው ያያችሁት? ከሲኒማ አዳራሽ በካሜራ ተሰርቆ የተቀዳ፣ የፊተኛው ሰው ጭንቅላት የሚታይበት፣ የሰው ሳል የሚሰማበት ቅጂ ይዞ "ቀረጻው ደካማ ነው" የሚል ወጣት ገጥሞኛል። ርዝመቱም ሊለያይ ይችላል። ዳይሬክተሩ ማይክል ቺሚኖ ምርጥ ፊልም ተብሎ ኦስካር ባገኘ ሥራው ማግስት በጉጉት ሲጠበቅ፣ በ1980 ሄቨንስ ጌትን ከሦስት ሰዓት ተኩል በላይ አድርጎ አመጣው። ሐያሲዎች አብጠለጠሉት፤ ስቱዲዮው ደንግጦ ከገበያ አነሳውና በሚቀጥለው ዓመት ሁለት ሰዓት ተኩል አድርጎ መለሰው፤ ያም አላዳነውም። ወደ 44 ሚሊዮን የፈጀው ፊልም አራት ሚሊዮን እንኳ ሳያስገባ ቀረ። በ2012 ደግሞ ታድሶ በቬኒስ ሲታይ በክብር ተቀበሉት። ስለ ሄቨንስ ጌት የሚከራከሩ ሁለት ሰዎች ሁለት የተለያዩ ፊልሞችን አይተው ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ጊዜም ፍርድ ይገለብጣል። በእናንተ መካከል የሕንድ ፊልም እንደ እኛ ዘመን አይነገርለት ይሆናል። እኛ ግን በደሴ ቪዲዮ ቤቶች አግዳሚ ላይ ተጠጋግተን፣ ሂንዲ ሳንሰማ፣ በሚለቀስበት ቦታ ሁሉ አልቅሰን ነው ያደግነው። ሾላይ በ1975 ሲወጣ የመጀመሪያው አቀባበል ቀዝቃዛ ነበር፤ ሐያሲዎቹም አልራሩለትም። ያየው ላላየው እየነገረ በሙምባይ ሚነርቫ ሲኒማ ከአምስት ዓመት በላይ ታየ። የዳይሬክተሩ የራጅ ካፑር ሜራ ናም ጆከር ግን ተቃራኒው ነው። ስድስት ዓመት ተለፋበት፣ ሀብት ፈሰሰበት፣ አገር ጠበቀው፤ በ1970 አራት ሰዓት ገደማ ርዝመት ይዞ፣ ሁለት ዕረፍት ያለው ሆኖ መጣና ወደቀ። ራጅ ካፑር ከዕዳው የወጣው በ1973 ስለ ሁለት ወጣቶች ፍቅር በሠራው ቦቢ ነው። ዛሬ ሜራ ናም ጆከርን ከትልልቅ ሥራዎቹ አንዱ የሚያደርጉት ብዙዎች ናቸው። የእኔን ከጠየቃችሁ፣ ልጁ አስተማሪውን የሚያፈቅርበት የመጀመሪያው ክፍል ዕንቁ ነው፤ ሦስተኛው ክፍል ግን ያለ ርኅራኄ መቀስ ይፈልግ ነበር። ዛሬ ስለተወደሰ ይህን ሐሳቤን አልቀይርም፤ ያኔ ስለወደቀም አልጻፍኩትም።

በእኛ ሙያ "ጉድለት አለ" ብሎ ለመጻፍ መጀመሪያ መስፈርቱን ማስቀመጥ ግድ ነው። ከምን አንጻር ጎደለ? ፊልምም ላይ እንዲሁ ነው። ፖስተሩ ከገባላችሁ ቃል አንጻር ከሆነ ቅሬታችሁን ለሻጩ አቅርቡ። የሚያስፈራ ፊልም ጠብቃችሁ የሚያሳዝን ከመጣ ፊልሙ ምንም አልበደላችሁም። ፊልሙ ራሱ በመጀመሪያዎቹ ሃያ ደቂቃዎች የከፈተውን ጥያቄ ሳይመልስ፣ ሳያሰፋም ከጣለው ግን ያ እውነተኛ ጉድለት ነው፤ ኦስካርም ይጨበጥ አንበሳ፣ ፊት ለፊት ተናገሩት። ሐያሲ ሁሉ ስላደነቀ ያልተሰማችሁን አድናቆት የምታወሩ ከሆነ በሐሰት ደረሰኝ ሂሳብ እየዘጋችሁ ነው። ደግሞም "ቀሽም ነው" ብሎ ብቻ መነሳት ግኝት አይባልም፤ የት ላይ እንደቀሸመ ይጻፍ።

ለሚቀጥለው ቅዳሜ የምለምናችሁ ይህን ነው። ስለ ፊልሙ የተጻፈውን አስቀድማችሁ አታንብቡ፤ ስልኩን ትታችሁ በአንድ ትልቅ ስክሪን እዩት። ሲያልቅ ማንም ሳይናገር እያንዳንዱ ሰው ሐሳቡ ከፊልሙ የሸሸበትን ቦታ በወረቀት ይጻፍ። ሁላችሁም አንድ ቦታ ላይ ከጻፋችሁ ጥፋቱ የፊልሙ ሳይሆን አይቀርም። የተለያየ ከሆነ ክርክሩ ከዚያ ይጀምር፤ ድምፁ የሚጎላውም ሰው መጨረሻ ላይ ይናገር። ወረቀቶቹን ብታመጡልኝ ደስ እያለኝ አነባለሁ። ሜራ ናም ጆከርን ለማሳየት ከወሰናችሁ ግን ቀድማችሁ አስታውቁኝ፤ ለአራት ሰዓት የሚሆን መከዳ ይዤ እመጣለሁ፣ በሦስተኛው ክፍል ላይም የምትሟገቱኝ ሁለት ሰዎች አዘጋጁ።