አናጢው ጋር ከመውሰድዎ በፊት፦ «ኦሪጅናል» ተብሎ ስለተሸጠ አሮጌ ድራም

ጥያቄ፦ የምኖረው ድሬዳዋ ከዚራ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት እዚሁ ከተማ ያገለገሉ ዕቃዎች ከሚሸጥ ሱቅ አንድ አሮጌ ድራም በ160 ሺህ ብር ገዛሁ። ባለሱቁ «የ1964 ኦሪጅናል ሉድዊግ ነው፣ ቁጥሩን ራስህ እየው» ብሎ ጽፎ ፎቶውን በቴሌግራም ልኮልኝ ነበር። ገንዘቡን በቴሌብር ከፈልኩ፤ ደረሰኝ ግን አልሰጠኝም። አንድ ድራመር ጓደኛዬ ሲያየው «ሉድዊግ ስኔሩ ብቻ ነው፣ ቤዙና ሁለቱ ቶሞች የጃፓን ናቸው፣ ባጁም በኮላ የተለጠፈ ነው» አለኝ (ስኔር ትንሹ ጠፍጣፋ ድራም፣ ቤዝ ትልቁ፣ ቶሞች መካከለኞቹ፣ ባጅ የፋብሪካው ስም ያለበት የብረት ምልክት ነው)። ተመልሼ ባለሱቁን ብጠይቀው «አሮጌ ዕቃ ተገዝቶ አይመለስም» ብሎ አሰናበተኝ። በዚያ ላይ አንድ የሰፈራችን ሽማግሌ «ይኼ የቀበሌያችን ኪነት ድራም ነው» ይላሉ። አሁን ተፍቆ ቀለም እንዲቀባ ለአናጢ ልሰጠው ቀጠሮ ይዣለሁ። ገንዘቤን ማስመለስ እችላለሁ? ሽማግሌው ያሉት ነገርስ ያሰጋኛል?

መልስ፦ ገንዘብዎን የማስመለስ ጥሩ ዕድል አለዎት። ይህ ዕድል ግን ከአናጢው ጋር በያዙት ቀጠሮ ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ቀጠሮውን ይሰርዙ፤ ድራሙ አሁን ባለበት ሁኔታ፣ አቧራውም ሳይጠረግ ይቆይ።

ይህን አጥብቄ የምልበት ምክንያት አለኝ። እርስዎ ፍርድ ቤት ቀርበው የሚያስረዱት ሁለት ነገር ነው፦ ባለሱቁ ምን ብሎ እንደሸጠልዎትና የሸጠልዎት ዕቃ በእርግጥ ምን እንደሆነ። የመጀመሪያውን በቴሌግራሙ መልእክት ያስረዳሉ። ሁለተኛው ግን የተጻፈው ድራሙ ላይ ነው፤ እንጨቱ፣ የውስጡ ቀለም፣ የባጁ አያያዝ፣ የብሎን ቀዳዳዎቹ ናቸው የሚመሰክሩት። አናጢው በብርጭቆ ወረቀት አንዴ ካለፈበት ምስክርዎ ጠፋ ማለት ነው። ከዚህም በላይ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1815 ውል ሲፈርስ ተዋዋዮቹ በተቻለ መጠን ወደ ቀድሞ ሁኔታቸው ይመለሱ ይላል። እርስዎ ብሩን ሲጠይቁ ባለሱቁ ደግሞ ዕቃውን እንደሰጠዎት መልሶ የመረከብ መብት አለው። ተፍቆ ቀይ ቀለም የተቀባ ድራም ይዘው ቢቀርቡ «እኔ የሸጥኩት ይህን አይደለም» ማለቱ አይቀርም፤ ያኔ ክርክሩ ከእሱ ቃል ወደ እርስዎ ድርጊት ይዞራል።

ጓደኛዎ ያየው ነገር ከባድ ስለሆነ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሉድዊግ በዚያ ዘመን ቺካጎ የነበረ የአሜሪካ የድራም ፋብሪካ ነው። በፈረንጆቹ የካቲት 1964 (እዚህ ስለ ድራሙ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ቢትልስ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ከቀረቡ በኋላ የድራመራቸው ድራም ስም በየቤቱ ገባ፤ ፈላጊው በዛ። በዚያው ዘመን የጃፓን ፋብሪካዎች የአሜሪካኖቹን መልክ የተከተሉ ርካሽ ድራሞች እየሠሩ አስመጪው በፈለገው የንግድ ስም ይሸጡ ነበር። ስለዚህ ከሩቅ ሲታዩ መመሳሰላቸው አያስገርምም። የሚለያዩት ውስጣቸው ሲታይ ነው። የታችኛውን ቆዳ አስፈትተው በስልክዎ መብራት ውስጡን ይመልከቱ። በ1960ዎቹ መጀመሪያና አጋማሽ የተሠራ የሉድዊግ ድራም ውስጡ በብዛት ነጣ ያለ ወይም ግራጫማ ቀለም የተቀባ ነው፤ እንጨቱ ባዶውን በቫርኒሽ መታየት የጀመረው ከ1968 ገደማ ወዲህ ነው። ብዙ ጊዜም ቀኑ በቀለም ማኅተም ውስጡ ተመትቶ ይገኛል። የጃፓኖቹ ግን በአብዛኛው ሉዋን ከሚባለው ቀላ ያለ ቡናማ እንጨት የተሠሩ ናቸው፤ ቀለም ያልነካው ቀይ ቡናማ እንጨት ካዩ ጓደኛዎ ተሳስቷል ለማለት ይከብዳል።

ባለሱቁ ስለተመካበት ቁጥርም አንድ ነገር ይወቁ። ሉድዊግ ባጁ ላይ ተከታታይ ቁጥር ማተም የጀመረው በ1963 መጨረሻ ገደማ ነው፤ ባጆቹ ድራም ላይ የሚመቱት ግን በቁጥራቸው ቅደም ተከተል አልነበረም። ስለዚህ ቁጥሩ ለብቻው ዓመቱን አያረጋግጥም፤ ባጁ ከሌላ ድራም ተነቅሎ ከመጣ ደግሞ ጭራሽ ምንም አያረጋግጥም። ባጁ ከፋብሪካ ሲወጣ በአየር ማስወጫው ቀዳዳ በኩል በሚያልፍ ትንሽ የብረት ቀለበት ተጨምቆ ነው የሚያዘው። የእርስዎ ቶሞች ላይ በኮላ የተለጠፈ ከሆነ የሆነ ሰው እጁን አስገብቶበታል። ያ ሰው ባለሱቁ ይሁን ከእሱ በፊት የነበረው ባለቤት ገና የሚጣራ ነው፤ ልዩነቱም በሕግ ትልቅ ነው።

ለምን ትልቅ እንደሆነ ላስረዳ። ባለሱቁ እያወቀ ባጁን ለጥፎ ወይም መለጠፉን እያወቀ ሸጦልዎት ከሆነ ማታለል ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉን ቁጥር 1704 ጠቅሰው ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ ይችላሉ። እሱም ራሱ ተታሎ ገዝቶት ቢሆን እንኳ እርስዎ ባዶ እጅዎን አይቀሩም፤ እውነቱን ቢያውቁ ኖሮ ውሉን እንደማይፈጽሙ ካስረዱና ስህተቱ መሠረታዊ ከሆነ ቁጥር 1697 እና ተከታዮቹ ይረዱዎታል። 160 ሺህ ብር የከፈሉት ለሉድዊግነቱ እንጂ ለድራምነቱ እንዳልሆነ ዋጋው ራሱ ይናገራል። በእነዚህ ምክንያቶች ውል ይፍረስልኝ የሚል ክስ፣ ለማፍረስ ምክንያት የሆነው ነገር ከተወገደበት ጊዜ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት (ቁጥር 1810)።

እኔ ግን ክሱን በዋናነት የማቆመው በዚያው ሕግ የሽያጭ ክፍል ላይ ነው፤ ማታለልን ማስረዳት ከባድ ነው፣ የሻጭ ዋስትናን ማስረዳት ግን ይቀላል። ከቁጥር 2287 ጀምሮ ያሉት ድንጋጌዎች ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማ መሆኑን ዋስ እንዲሆን ያስገድዱታል። በግልጽ «ይህ ጠባይ አለው» ብሎ የሸጠው ዕቃ ያን ጠባይ ካጣ፣ የሻጩ ልብ ምን ነበር የሚለው ጥያቄ ሁለተኛ ነው። «የ1964 ኦሪጅናል ሉድዊግ» የሚለው ጽሑፍ ከስልክዎ ላይ አለ። ጽሑፉን አያጥፉት፣ ስልኩንም አይሽጡት፤ የመልእክቱን ገጽ ቀኑና የላኪው ስልክ ቁጥር በሚታይበት መልኩ አሳትመው ያስቀምጡ። ደረሰኝ አለመስጠቱ የእሱ ጥፋት ነው እንጂ የእርስዎን ውል አያፈርስም። እንዲህ ያለ ሽያጭ በጽሑፍ መሆን አለበት የሚል ሕግ የለም፤ የቴሌብሩ ማረጋገጫ ክፍያውን ያስረዳልዎታል።

«አሮጌ ዕቃ አይመለስም» ያለዎትስ? ይህን ያለው ከሽያጩ በኋላ ነው። ውሉ ካለቀ በኋላ አንድ ወገን ብቻውን የሚጨምረው ቃል የውሉ አካል አይሆንም። አስቀድሞ ሱቁ ግድግዳ ላይ ለጥፎት ቢሆን እንኳ፣ ጉድለቱን እያወቀ የደበቀ ሻጭ እንዲህ ባለ ቃል ከተጠያቂነት አያመልጥም።

የሚያሳስበኝ ጊዜው ነው። ገዢ ዕቃውን ዕድሉን እንዳገኘ መመርመርና ጉድለቱን ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። እርስዎ በቃል ነግረውታል፤ ጥሩ አድርገዋል፤ ነገር ግን ነገ «አልነገረኝም» ካለ ምን ይዘው ይከራከራሉ? በዚህ ሳምንት አንድ ገጽ የማስታወቂያ ደብዳቤ ይጻፉለት። መቼ እንደገዙ፣ ምን ብሎ እንደሸጠልዎት፣ ምን እንዳገኙበት፣ ዕቃውን መልሶ ገንዘብዎን እንዲሰጥዎት የሚጠይቁ መሆኑን በአጭሩ ይግለጹ። ስድብና ዛቻ አይግባበት። በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ይላኩት፤ የመላኪያውን ደረሰኝ ይያዙ፤ ያንኑ ደብዳቤ በቴሌግራምም ይላኩለት። ማስታወቂያው ከተሰጠ በኋላም ዋስትናውን መሠረት ያደረገ ክስ አንድ ዓመት ሳይሞላ መቅረብ አለበት፤ ስለዚህ «ይሁን እስቲ» እያሉ ወራት አያሳልፉ።

አሁን ወደ ስኔሩ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ከፍርድ ቤት ይልቅ ድርድር ሊበጅዎት ይችላል ብዬ አምናለሁ። ከ1963 ጀምሮ በብዛት የተሠራው የሉድዊግ ስኔር አካሉ አሉሚኒየም ሆኖ በክሮም የተለበጠ ነው፤ ማግኔት አይዘውም። የእርስዎ ስኔር እውነተኛ ከሆነ ከጠቅላላው ዕቃ ውድ የሆነው ክፍል እሱ ሊሆን ይችላል። ውሉ ሙሉ በሙሉ ይፍረስ ካሉ ስኔሩም ይመለሳል። ስለዚህ ከደብዳቤው በፊት ራስዎን ይጠይቁ፤ ስኔሩን ማስቀረት ከፈለጉ፣ ቤዙና ቶሞቹ ተመልሰው ወይም ዋጋቸው ተቀንሶ ልዩነቱ እንዲከፈልዎት መስማማት ትችላላችሁ። ስምምነቱ ግን በጽሑፍ ይሁን፣ ሁለት ምስክር ይፈርምበት፣ ገንዘቡም በዚያው ቀን ይከፈል። በነገራችን ላይ የዚህ ስኔር ክሮም ከአሉሚኒየሙ ላይ ነቁጥ ነቁጥ እያለ መላጡ የታወቀ ጠባዩ ነው። «እንደ አዲስ ኒኬል ልንከርልህ» የሚል ባለሙያ ካገኙ አይስሙት፤ ሰብሳቢዎች የሚከፍሉት ለዋናው ልብጥ ነው።

ስለ ሽማግሌው ቃል በጣም አይጨነቁ፤ ግን አይናቁት። በደርግ ዘመን የቀበሌ ኪነት ቡድኖች የሙዚቃ መሣሪያ እንደነበራቸው ይታወቃል፤ ድሬዳዋ ደግሞ የኦሮምኛ ሙዚቃ ቡድኑ አፍራን ቀሎ የተነሳባት የሙዚቃ ከተማ ናት፤ አሮጌ ድራም ታሪክ ቢኖረው አይገርምም። በቁጥር 1193 መሠረት ተንቀሳቃሽ ዕቃ በእጁ ያለ ሰው ባለቤት ነው ተብሎ ይገመታል፤ ባለቤቱ እኔ ነኝ የሚል ሌላ ሰው ማስረዳት ያለበት ራሱ ነው። ገንዘብ ከፍሎ በቅን ልቦና የገዛና የተረከበ ሰውም በቁጥር 1161 ይጠበቃል። ጥበቃው የሚሳሳው ዕቃው የተሰረቀ ሲሆን ነው። የመንግሥት ንብረት ደግሞ ከንብረት መዝገብ የሚወጣበት የራሱ ሥርዓት አለው። ስለዚህ ሽማግሌውን አክብረው ያነጋግሩ፣ ድራሙን በምን ምልክት እንዳወቁት ይጠይቋቸው፤ ባለሱቁንም ከማን እንደገዛው በደብዳቤዎ ላይ ይጠይቁት። ከዛሬ ጀምሮ ስለ ዕቃው የሰሙትን ነገር ቸል ብለው ለሌላ ሰው ቢሸጡት የእርስዎ ቅን ልቦናም ጥያቄ ውስጥ ይገባል። ባለቤት ነኝ የሚል መጥቶ በፍርድ ቢነጠቁ፣ ሻጩ ለዚህም ዋስ ነው።

ባለሱቁ እሺ ካላለ ክሱ የሚቀርበው ድሬዳዋ በሚገኘው የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ምድብ ችሎት ነው፤ የከተማዋ የራሷ ፍርድ ቤቶች ሥልጣን በቻርተሩ በተዘረዘሩ ጉዳዮች የተወሰነ ስለሆነ እዚያ ሄደው ጊዜ እንዳያባክኑ። ከክሱ ጋር የቴሌግራሙን መልእክት፣ የቴሌብሩን ማረጋገጫ፣ የአደራ ደብዳቤውን ቅጂና ደረሰኝ፣ የድራሙን የውስጥና የውጭ ፎቶዎች ያያይዙ። ጓደኛዎ በምስክርነት ይቆጠር፤ ነገር ግን ጓደኛዎ ስለሆነ ቃሉ ሊቃለል ይችላልና ድራሙ በገለልተኛ ባለሙያ እንዲታይ ለፍርድ ቤቱ ያመልክቱ።

ጥገናው የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ያኔም ለአናጢው በቃል አይስጡት። እንዲህ ያለው የሥራ ውል በቃልም ይጸናል፤ ነገር ግን ሲበላሽ ምን እንደተባለ የሚያስታውስ የለም። አንድ ወረቀት ላይ የሰጡትን እያንዳንዱን ክፍል፣ ብሎኖቹን ሳይቀር፣ ይዘርዝሩ፤ ያለ እርስዎ የጽሑፍ ፈቃድ ምንም እንደማይፋቅ፣ እንደማይቀባና አዲስ ቀዳዳ እንደማይበሳ፣ የተነሳ አሮጌ ዕቃም እንደሚመለስልዎት ያስፈርሙት። ድሬዳዋ ሙቀቷ የድራሙን የሴሉሎይድ ልባስ ያኮማትረዋል፤ መጋጠሚያው ላይ ተነቅሎ ካዩ «እንገንጥለው» ከማለት ይልቅ ባለበት መልሶ ማጣበቁ ይሻላል። አናጢውን ከመፈለግዎ በፊት ግን ደብዳቤው ይላክ።