ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ አራስ ልጄን ልጠይቅ ሚኒያፖሊስ ልሄድ ነው፤ ብርዱን እችለዋለሁ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ? የ64 ዓመት ሴት ነኝ፤ ጡረታ የወጣሁ መምህርት። ደም ግፊት አለብኝ፣ አምሎዲፒን እወስዳለሁ። ስኳርም ካለብኝ 11 ዓመት ሆኖኛል፤ ሜትፎርሚን ጠዋትና ማታ፣ ማታ ደግሞ ኢንሱሊን እወጋለሁ። አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ የምትኖረው ልጄ በቅርቡ ወልዳለች፣ የካቲት መጨረሻ ላይ ልሄድላት ነው። ጓደኞቼ «ብርዱ አይጣል ነው፣ ትታመሚያለሽ» ይሉኛል። ልጄ ደግሞ «እማዬ አታስቢ፣ ዊንተሩ እያለቀ ነው» ትለኛለች። ማንን ልስማ? ካለቀ ጋቢና ሹራብ አይበቃኝም? የእግሬ ጣቶች አንዳንዴ ይደነዝዙኛል፣ ብርዱ ያባብሰው ይሆን? ጾሙንም ማቋረጥ አልፈልግም። ጀበናዬንና ረከቦቴን አዘጋጅቻለሁ፣ ከሰል እዚያው ይገዛል ብለውኛል፣ ስለ ቡናው አላስብም።
የጉለሌዋ አያት

መልስ፦ እናቴ፣ እንኳን ደስ አለዎት። የመጀመሪያ የልጅ ልጅ ነው መሰለኝ፣ ደብዳቤዎ ላይ ደስታው ይታያል።

ስኳርዎና ግፊትዎ በቁጥጥር ሥር ከሆኑ መሄድ ይችላሉ፣ ይሂዱም። ግን ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገርዎ። ስለ ብርዱ ብዙ ጠየቁኝ፣ ስለ ከሰሉ ግን «አላስብም» ብለው አለፉት። እኔን በጣም ያሳሰበኝ እሱ ነው።

እዚህ ቡና ስናፈላ በሩ ክፍት ነው፣ መስኮቱም በደንብ አይገጥምም፣ ከሰሉም ብዙ ጊዜ ደጅ ተቀጣጥሎ ነው የሚገባው። እንዲያም ሆኖ በየዓመቱ በከሰል ጭስ ሰው ይሞታል። የሚኒያፖሊስ ቤት ደግሞ ብርድ እንዳይገባ ታስቦ የተሠራ ነው። መስኮቱ ድርብ መስታወት ነው፣ በሩ ዙሪያውን ጎማ አለው፣ አየር አይወጣም አይገባም። እዚያ ውስጥ ከሰል ከተቀጣጠለ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይከማቻል። ይሄ ጋዝ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበለጠ ኃይል ይይዘዋል፣ ስለዚህ ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ይመጣል፤ ጉንፋን ያዘኝ ብሎ ጋደም ያለ ሰው በዚያው ሊቀር ይችላል። ቤት ውስጥ ያሉት ሁሉ ባንዴ ራሳቸውን ካመማቸውና ደጅ ሲወጡ ከተሻላቸው፣ ጉንፋን አይደለም። አራስና ጨቅላ ሕፃን ያሉበት ቤት መሆኑን ደግሞ ያስቡት።

ስለዚህ ከሰል በፍጹም አይነድም። ሳሎን አይሆንም፣ መስኮት ከፍቶም አይሆንም፣ ጋራዥ ውስጥም አይሆንም። ጀበናዎን ይውሰዱ፣ ረከቦቱንም ይውሰዱ፣ ቡናው ግን በኤሌክትሪክ ምድጃ ይፍላ። እጣኑንም ሕፃኑ ትንሽ እስኪጠና ይተዉት፣ ለሱ ሳንባ ጭስ ጭስ ነው። አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ሚኒያፖሊስ ባለችበት በሚኒሶታ ግዛት ሕግ ቤቶች በመኝታ ክፍሎች አቅራቢያ የካርቦን ሞኖክሳይድ መጮሂያ እንዲኖራቸው ይጠበቃል። የእሳት ጭስ መጮሂያም አለ፣ አንዳንዱ ሁለቱንም ባንድ የያዘ ነው። የኛ ሰው ቡና ሲቆላ እየጮኸ አስቸገረኝ ብሎ ባትሪውን ያወጣል፣ ከዚያ መመለሱን ይረሳል። እንደገቡ ልጅዎን «ይሄ ነገር ይሠራል?» ብለው ይጠይቋት፣ አዝራሩን ተጭና ድምፁን ታሰማዎት። በሌላ ጊዜ ከጮኸ፣ ሕፃኑን ይዛችሁ ሁላችሁም ውጡ፣ ከዚያ 911 ይደወል።

አሁን ወደ ብርዱ። ጓደኞችዎም ልጅዎም ያሉት ከፊሉ እውነት ነው። የጥር ወር የበረዶ ጊዜ ሲያልፍ፣ ማለትም እርስዎ በሚደርሱበት በፈረንጆቹ ማርች መጀመሪያ፣ ቀን ላይ ከዜሮ ጥቂት ዲግሪ ከፍ ይላል፣ ሌሊቱን ከዜሮ በታች 6 ወይም 7 ይወርዳል። ሲያመጣው ግን ከዜሮ በታች 15 እና ከዚያም በታች የሚሆንበት ቀን ገና አለ። የአዲስ አበባ የኅዳር ውርጭ ከዚህ ጋር አይነጻጸርም። እዚያ የሙቀቱ መጠን በፋራናይት ነው የሚነገረው፣ 32 ማለት የኛ ዜሮ ነው። «ዛሬ 20 ነው» ሲሉዎት ሞቋል ብለው ሹራብ ብቻ ጣል አድርገው እንዳይወጡ።

የዚህ ወቅት ትልቁ አደጋ ግን ያለው መሬቱ ላይ ነው። ቀን ፀሐይ ትወጣለች፣ በረዶው ይቀልጣል፣ ውሃው የእግረኛ መንገዱን አቋርጦ ይፈስሳል። ማታ እንደገና ይረጋል። ጠዋት ላይ እርጥብ አስፋልት የመሰለዎት ነገር ብላክ አይስ የሚሉት ነው፤ ስስ መስታወት የመሰለ፣ ለዓይን የማይታይ በረዶ። አንዲት ታካሚዬ ልጃቸው ዘንድ ሄደው በሳምንቱ ቆሻሻ ሊጥሉ በነጠላ ጫማ ብቅ አሉ። ከበሩ ሦስት ደረጃ ብቻ ነበር። እጃቸውን ዘርግተው ወደቁ፣ አንጓቸው ላይ ተሰበሩ። እኔ ዘንድ ሲመጡ ጄሶው ገና አልወጣም፣ ደጋግመው የሚሉኝ «ፀሐይ ነበር እኮ ዶክተር፣ ፀሐይ ነበር» ነው። የወር አበባ ከቆመ በኋላ የሴት አጥንት ይሳሳል፣ በእርስዎ ዕድሜ አንድ መውደቅ አንጓን ወይም ዳሌን ሊሰብር ይችላል፣ የዳሌ ስብራት ደግሞ ለወራት የሚያስተኛ ነገር ነው።

አረማመዱን እርስዎ አያጡትም። በሐምሌ ጭቃ ላይ እንዴት ነው የሚሄዱት? አጠር አጠር አድርገው፣ ሙሉ እግርዎን አሳርፈው፣ ቀስ ብለው። ልክ እንደዚያ ነው። እጅዎ ኪስ ውስጥ አይግባ፣ ቢንሸራተቱ መያዣ ያስፈልግዎታል፣ ስለዚህ ጓንት ያድርጉ። ደረጃ ሲወርዱ ብረቱን ይያዙ። ከጫማ ላይ የሚጠለቅ፣ ጥርስ ያለው ጎማ እዚያ ይሸጣል፣ ልጅዎ ታስገዛልዎት፤ ቤት ወይም ሱቅ ሲገቡ ግን ያውልቁት፣ ለስላሳ ወለል ላይ እሱ ራሱ ያንሸራትታል። ጉዳይ ከሌለብዎ በጠዋት አይውጡ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ይሁን፣ በነሱ አቆጣጠር 10 ሰዓት ማለት ነው። በረዶ ልዛቅ ብለው አካፋ እንዳይነኩ ደግሞ አደራ። ብርድና ድንገተኛ ከባድ ሥራ ሲገናኙ ልብን ያስጨንቃሉ፣ ግፊትና ስኳር ያለበት ሰው ሥራ አይደለም።

ጋቢውን ይውሰዱት፣ ቤት ውስጥ አራስ አጠገብ ተቀምጦ እንደ ጋቢ የሚሆን የለም። ውጭ ግን አይበቃም። ጥጥ ነው፣ ከረጠበ ብርዱን ይዞ ይቀመጣል፣ ንፋስም ያሳልፋል። ከሥር ሰውነት ላይ የሚጣበቅ ስስ ልብስ፣ ከላዩ የሱፍ ሹራብ፣ ከሁሉ በላይ ንፋስ የማያስገባ ረጅም ጃኬት። ጓንት ሲመርጡ ጣቶቹ ተለያይተው የሚገቡበትን ትተው፣ አራቱ አንድ ላይ የሚገቡበትን ይግዙ፣ እሱ የበለጠ ይሞቃል። አፍና አፍንጫዎን በስካርፍ ይሸፍኑ።

የእግርዎ ነገር ብቻውን መነገር አለበት። መደንዘዙ የስኳሩ ሊሆን ይችላል፤ ስኳር ሲቆይ የእግር ነርቭ ይጎዳል። ነርቭ ከተጎዳ እግርዎ ብርድ ሲጎዳው «አመመኝ» ብሎ አይነግርዎትም። ሲያቃጥለውም አይነግርዎትም። ከውጭ ገብተው እግርዎን ማሞቂያ ላይ ቢለጥፉት ወይም ሙቅ ውሃ ውስጥ ቢነክሩት፣ ሳይሰማዎት ቆዳው ሊላጥ ይችላል። ደረቅ የሱፍ ካልሲ ይበቃል። ውሃ ካስፈለገ ልጅዎ በክርኗ ትለካልዎት፣ ለብ ያለ እንጂ የሚያቃጥል አይሁን። ጫማው በወፍራም ካልሲ የማይጠብቅ ይሁን፤ የጠበበ ጫማ ደሙን ስለሚያግደው ከስስ ጫማ አይሻልም። ማታ ማታ እግርዎን፣ በጣቶቹ መሃል ሳይቀር፣ ከሥሩም በመስታወት ይዩት። በረዶ የመታው ቆዳ ብዙ ጊዜ «ይቀላል ወይም ይነጣል» ተብሎ ነው የሚጻፈው፣ በኛ ቆዳ ላይ ግን አመድማ ይሆናል፣ ሰም የተቀባ ይመስላል፣ ሲነኩት ይጠጥራል። እንዲህ ካዩ አይሹት፣ በእሳትም አያሙቁት፣ ወዲያው ሐኪም ቤት ይሂዱ።

ብርድ የደም ሥርን ስለሚያጠብ ግፊትን ከፍ ያደርጋል። መለኪያዎን ይያዙ፣ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ጠዋት ይለኩ። ጉንፋን ቢይዝዎ ከሱቅ መደርደሪያ ላይ አንስተው አይዋጡ። አፍንጫ የሚከፍቱት የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥ ሱዶኤፌድሪን ወይም ፌኒሌፍሪን ይገኛል፣ ግፊት ይጨምራሉ። አይቡፕሮፌንም ለግፊትና ለኩላሊት አይስማማዎትም። የኛ ፓራሲታሞል እዚያ አሴታሚኖፌን ነው የሚባለው፣ ታይሌኖል የሚሉትም እሱኑ ነው፤ ሁለቱን የተለያዩ መስለውዎት ደርበው እንዳይወስዱ።

ኢንሱሊኑ በእጅ ሻንጣዎ ይሁን። በሚጫነው ሻንጣ ከገባ ሊቀዘቅዝና ሊረጋ ይችላል፣ አንዴ የረጋ ኢንሱሊን ደግሞ ቢቀልጥም አይሠራም፣ ይጣላል። እዚያም ሲወጡ መኪና ውስጥ አይተዉት፣ ከጃኬትዎ ውስጠኛ ኪስ ይክተቱት። የስኳር መለኪያውም ከቀዘቀዘ ይሳሳታል። መድኃኒቶቹን ከነካርቶናቸው፣ ከሐኪምዎ ደብዳቤ ጋር ይያዙ። የሰዓቱ ልዩነት 9 ሰዓት ነው፣ እነሱ በማርች ሁለተኛ እሑድ ሰዓታቸውን ሲቀይሩ 8 ይሆናል። የማታውን መርፌ በጉዞው ቀን መቼ እንደሚወጉ በግምት አያድርጉት፣ ትኬቱን ለሚከታተልዎ ሐኪም አሳይተው ሰዓቱን በወረቀት ያጽፉ። አውሮፕላን ላይ ውሃ ይጠጡ፣ በየሰዓቱ ተነሥተው ወዲያ ወዲህ ይበሉ፣ ያ ሁሉ ሰዓት መቀመጥ እግር ላይ ደም ያረጋል።

ጾሙን በተመለከተ እውነቱን ልንገርዎ። ኢንሱሊን ለሚወጋ ሰው እስከ ከሰዓት ሳይበሉ መዋል፣ በጉዞና በሰዓት ለውጥ ላይ ሲደመር፣ ስኳሩን ሊያወርደው ይችላል። ልጅዎ ከሕፃኑ ጋር ተኝታ እርስዎ ማድ ቤት ውስጥ ቢወድቁስ? ከምግቡ ሥጋና ወተቱን መተው ይችላሉ፣ ሰዓቱን ግን ንስሐ አባትዎን ያማክሩበት፣ ለታመመ የሚሉትን እርስዎም ያውቁታል።

ቤቱ በማሞቂያ ስለሚደርቅ አፍንጫዎ ሊነስር፣ ቆዳዎ ሊያሳክክ ይችላል፤ ቫዝሊን ይበቃል። እንቅስቃሴ አቋርጠው ደግሞ ሦስት ወር አይቀመጡ። ሚኒያፖሊስ መሃል ከተማው ላይ ሕንፃ ከሕንፃ የሚያገናኝ፣ በመስታወት የተሸፈነ የእግር መንገድ አላት፣ ስካይዌይ ይሉታል። ከ1962 ጀምሮ የተሠራ ነው፣ አሁን 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ካፖርት ሳይለብሱ፣ ሳይንሸራተቱ ግማሽ ሰዓት ይራመዱበታል። ለስኳርዎ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅልዎትም።

የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ካገኙ ከመሄድዎ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለው ይከተቡ፣ ሰውነት መከላከያውን እስኪሠራ ጊዜ ይፈልጋል። የትክትክ ክትባቱንም ይጠይቁ፣ ለሕፃኑ ሲባል። ሳል ከጀመረዎት ሕፃኑን አይሳሙት፣ ማስክ ያድርጉ። ሦስት ወር ያልሞላው ሕፃን ሙቀቱ 38 ዲግሪ፣ በነሱ 100.4 ከደረሰ፣ ቤት ውስጥ የሚታከም አይደለም፣ በዚያው ሰዓት ሐኪም ይየው። የጉዞ ጤና ኢንሹራንስም ሳይዙ አይሂዱ፣ እዚያ አንድ የተሰበረ አንጓ ልጅዎን ዕዳ ውስጥ ይከታታል።

በዚህ ሳምንት የሚከታተልዎ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፣ የሦስት ወር የስኳር ምርመራዎን፣ ኩላሊትዎንና እግርዎን ያሳዩ። መድኃኒቱንም ለሚቆዩበት ጊዜ ሁሉ፣ ከዚያም ለሁለት ሳምንት ትርፍ አድርገው ይያዙ።

ልጅዎን እንኳን ማርያም ማረችሽ ይበሉልኝ።