ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ የደጋ ልጅ ሆኜ ላፓዝ ላይ ትንፋሽ ያጥረኛል

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ46 ዓመት ሴት ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ብርሃን ሲሆን ላለፉት 17 ዓመታት የኖርኩት ቨርጂኒያ ነው። ለስድስት ወር ሥራ ወደ ቦሊቪያዋ ላፓዝ ከመጣሁ ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው። የመጀመሪያው ማታ ራሴን ፈለጠኝ፤ ምግብም አስጠላኝ፤ እርሱ አሁን ቀለል ብሎልኛል። ሌሊት ግን ትንፋሼ ቆሞ በድንጋጤ እባንናለሁ። እናቴ በስልክ «ዱካክ ነው» አለችኝ። ትናንት ማታ የሥራ ባልደረባዬ የሰጠችኝን ዳያዜፓም የተባለ የሚያረጋጋ መድኃኒት ወስጄ ተኛሁ። ከትናንት ጀምሮ ደረቅ ሳልም ይዞኛል። የደጋ ልጅ ሆኜ ከፍታ እንዴት ይጎዳኛል? ልቤ ታሞ ይሆን?

መልስ፦ የጠየቁኝ ስለ ልብዎ ቢሆንም ከጽሑፍዎ የተረዳሁት ፍርሃት ሌላ ነው፤ ተኝተው እንዳይቀሩ ሰግተዋል። ሌሊት የሚያጋጥምዎ የትንፋሽ መቋረጥ ወደ እንዲህ ያለ ከፍታ በሚወጡ በርካታ ጤነኛ ሰዎች ላይ የሚታይ ነው። አየሩ ሲሳሳ ሰውነት ኦክስጅን ፍለጋ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ በዚህም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደም ውስጥ ከልክ በላይ ይወጣል፤ በእንቅልፍ ጊዜ አንጎል መተንፈስን የሚያዘው በአብዛኛው የዚህን ጋዝ መጠን ተከትሎ ስለሆነ፣ መጠኑ ሲያንስ ለጥቂት ሰከንዶች ትእዛዙን ያቆማል፤ ጋዙ መልሶ ሲጠራቀምና ኦክስጅን ሲቀንስ ደግሞ በረጅም ትንፋሽ ያነቃዎታል። ስለዚህ የሚያስደነግጥዎ መባነን ሰውነትዎ ራሱን የሚጠብቅበት መንገድ ነው። ዱካክ አይደለም፤ የልብ ሕመም ምልክትም አይደለም። ኩላሊትዎ የደምዎን ሚዛን እያስተካከለ ሲሄድ በሚቀጥሉት ቀናት እየቀነሰ ይሄዳል።

ዳያዜፓሙን ግን በዝምታ ላልፈው አልችልም። ትንፋሽ ሲቋረጥ የሚያነቃዎትን ይህንኑ ጥበቃ የሚያዳክም መድኃኒት፣ ያውም ለሌላ ሰው የታዘዘ፣ ማንንም ሳያማክሩ ወስደዋል። ዛሬ ማታ እንዳይደግሙት። የአልኮል መጠጥም በእነዚህ ቀናት አይቅመሱ።

ሳሉን በመጨረሻ መጥቀስዎ አሳስቦኛል። የላፓዝ አየር ደረቅና ቀዝቃዛ በመሆኑ ምክንያቱ ጉሮሮዎ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በከፍታ ምክንያት ሳንባ ውኃ የሚቋጥረው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ሌሊት ባለው ጊዜ ነው፤ እርስዎም አሁን ያሉት እዚያው ላይ ነው። ቁጭ ብለው አርፈው ሳለ ትንፋሽ የሚያጥርዎ ከሆነ፣ በመጀመሪያው ቀን የወጡት ደረጃ ዛሬ ከበደዎ ከሆነ ወይም አክታዎ አረፋማና ቀላ ያለ ከሆነ፣ እስኪነጋ ሳይጠብቁ ሆስፒታል ሄደው ኦክስጅን ይሰጥዎ። ሲራመዱ እንደ ሰከረ ሰው መንገዳገድ ወይም የአእምሮ መደናገር ከመጣም እንዲሁ ነው። በራስዎ ውሳኔ ታክሲ ይዘው ወደ ቆላ ለመውረድም አይነሱ፤ ኤል አልቶ ያለው አውሮፕላን ማረፊያ 4,060 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኑ ከመሀል ከተማው በ400 ሜትር ያህል ይበልጣል፤ ወደ ዩንጋስ ቆላ የሚወስደው መንገድም ከመውረዱ በፊት ከ4,600 ሜትር በላይ ያለ የተራራ በር ያሻግራል። መጀመሪያ ኦክስጅን፣ ከዚያ ሐኪሙ በሚያዘው መንገድ መውረድ ነው። ከእነዚህ ምልክቶች አንዱም ባይኖርዎ እንኳ ሳል ስላለ ዛሬ በቀን ሳንባዎን ያስመርምሩ።

አሁን «የደጋ ልጅ ነኝ» ወደሚለው ልምጣ፤ ይህ አስተሳሰብ በወገኖቻችን ዘንድ ሥር የሰደደ ስለሆነ ጠበቅ አድርጌ ልናገር። በመጀመሪያ ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ያህል ላይ ያለች ከተማ ስትሆን ላፓዝ 3,640 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚያ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያገኙት ኦክስጅን በባሕር ጠለል ከሚገኘው ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ብቻ ነው። የኢትዮጵያ ደገኞች በዓለም ሊቃውንት ዘንድ መጠናታቸውም እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎች ኦክስጅን ተሸካሚው የደም ክፍል ሄሞግሎቢናቸው እንደ ደቡብ አሜሪካዎቹ የአንዲስ ተራሮች ሰዎች ከፍ ሳይል፣ የደማቸው ኦክስጅን 95 በመቶ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። ሆኖም የተመረመሩት እዚያው የሚኖሩ ሰዎች ናቸው እንጂ 17 ዓመት ቨርጂኒያ የኖሩ አይደሉም። ሰውነት ከከፍታ ጋር ሲላመድ የሚያደርገው የአተነፋፈስና የኩላሊት ለውጥ ቆላ በወረዱ በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል። እንዲያውም እዚያው አንዲስ ላይ ተወልደው ያደጉ ሰዎች ባሕር ዳርቻ ቆይተው ወደ ቀዬአቸው ሲመለሱ ሳንባቸው ውኃ መቋጠሩ በሐኪሞች ዘንድ ከታወቀ ቆይቷል። የተወለዱበት ምድር ያላዳናቸው ሰዎች ካሉ፣ ደብረ ብርሃን መወለድዎን መከላከያ አድርገው መቁጠርዎ ትክክል አይደለም። ራስ ምታቱ በጀመረበት ማታ ሐኪም ሳያዩ ሦስት ቀን እንዲያሳልፉ ያደረገዎትም ይኸው እምነት ይመስለኛል።

ምርመራው ደህና ከሆነ ከላፓዝ የሚያስወጣዎ ምክንያት የለም። በጣት ላይ የሚደረገው የደም ኦክስጅን መለኪያ 88 በመቶ ቢያሳይ አይደንግጡ፤ በዚያ ከፍታ በጤነኛ ሰው ላይም የሚገኝ ነው። ሐኪሙ አሴታዞላማይድ ቢያዝልዎ መላመዱን ያፋጥናል፤ የሌሊቱንም መባነን ያቀልላል፤ ጣት ሊያደነዝዝና ሽንት ሊያበዛ ስለሚችል አይደንግጡ፤ ለሰልፋ መድኃኒቶች አለርጂ ካለብዎ ግን አስቀድመው ይንገሩት። የኮካ ቅጠል ሻይ ሰው ሁሉ ያቀርብልዎታል፤ ሕመሙን እንደሚያድን የሚያረጋግጥ በቂ ማስረጃ የለም፤ አሜሪካ ያለው መሥሪያ ቤትዎ የሽንት ምርመራ የሚያደርግ ከሆነ ደግሞ ኮኬይን ወሰደች ያሰኝዎታል። ደረጃና ዳገት ለጥቂት ቀናት ይቅርብዎ፤ ማረፊያዎንም ዝቅ ወዳለው ወደ ደቡባዊው የከተማዋ ክፍል ማዛወር ቢቻል እንቅልፍዎ ይሻሻላል።

በስድስቱ ወር መካከል ለዕረፍት ቨርጂኒያ ሄደው ሲመለሱም ሰውነትዎ እንደ አዲስ ሊጀምር ስለሚችል፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ያለ ሥራ እንዲያሳልፉ ከአሠሪዎ ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ።