በስሜ አጠገብ «ልጅ» ይላል

ይድረስ ለምክር አምድ፦

ጤና ይስጥልኝ። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ዛሬ ግን በቃኝ።

41 ዓመቴ ነው። ካመንኩ 14 ዓመት ሆኖኛል። በየሳምንቱ የምንገናኝበት የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ቡድን አለን፤ ሲጀመር አንስቶ አለሁበት። በቅርቡ መሪያችን ስለ መንፈሳዊ እድገት ደረጃዎች ማስተማር ጀመረ። ሕፃን፣ ልጅ፣ ወጣት፣ ጎልማሳ። ትምህርቱስ ጥሩ ነበር። ከዚያ ፎርም አደለን። 40 ጥያቄ! በቀን ስንት ደቂቃ ትጸልያለህ? በሳምንት ስንት ምዕራፍ ታነባለህ? በወር ለስንት ሰው ትመሰክራለህ? ሞልተን ሰጠን። በሚቀጥለው ሳምንት ስንመጣ ውጤቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ጠበቀን።

በስሜ አጠገብ «ልጅ» ይላል።

ካመነች ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጅ «ጎልማሳ» ተብላለች። ከእሷ ጋር ጸብ የለኝም፣ ጥሩ ልጅ ናት። ግን የዮሐንስ ወንጌልና የዮሐንስ መልእክት አንድ ናቸው ወይ ብላ የጠየቀችኝ አምና እኮ ነው። ሁሉም አጨበጨበላት። እኔም አጨበጨብኩ፣ እጄ ብቻ።

መሪያችንን ለብቻው አግኝቼ ጠየቅኩት። «እህቴ፣ ፎርሙ አይዋሽም» አለኝ። ከዚያ ወዲህ አልሄድኩም። አምስት ሳምንት ሆነ። ልጅቷ ሦስት ጊዜ ደውላለች፤ አላነሳሁም። ቴክስትም ልካለች፦ «ጸሎት እምቢ ሲልሽ አንቺ ምን ታደርጊያለሽ?» የሚል። ጎልማሳዋ እሷ አይደለች እንዴ? መሪውን ትጠይቅ።

ለመሆኑ እምነት በደቂቃ ይለካል? 14 ዓመት ሙሉ የታመመ የጠየቅኩት፣ ያዘነ ያጽናናሁት፣ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ወንበር የሰበሰብኩት የትኛው ጥያቄ ላይ ነው የሚሞላው? ባለቤቴ «ተያቸው» ይለኛል። መተው ብችል ምን አስጻፈኝ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። 27ኛው ጥያቄ «ስትጸልይ የእግዚአብሔር መገኘት ይሰማሃል?» ይላል። «አይሰማኝም» ብዬ ሞላሁ። እውነቴን ነው። ሦስት ዓመት ሆነኝ። ድሮ መዝሙሩ ገና ሳይጀመር እንባዬ ይቀድመኝ ነበር። አሁን ጠዋት እነሳለሁ፣ እንበረከካለሁ፣ ከጣሪያው ጋር የማወራ ይመስለኛል፣ ከዚያ ሥራ እሄዳለሁ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ምናልባት ፎርሙ ልክ ይሆን? ወደ ኋላ እየተመለስኩ ነው? ወይስ መጀመሪያውንም ያመንኩ መስሎኝ ነው?

«ልጅ» የተባልኩት

መልስ

እህቴ፣

የሰው ነፍስ ውጤት ግድግዳ ላይ አይለጠፍም። መሪያችሁ ተሳስቷል። ስለ እሱ ይህን ካልኩ ይበቃል፤ እኔን ያሳሰበኝ ስልክሽ ነው።

ሦስት ጊዜ ጠርቶ ያልተነሳው ስልክ። ደብዳቤሽ ውስጥ ከፎርሙና ከጭብጨባው መሃል ሸጉጠሽው አልፈሻል። እኔ ግን እዚያ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ። አንዲት ልጅ ጸሎት እምቢ አላት። ግድግዳው ላይ «ጎልማሳ» የተባሉት ሞልተዋል፣ መሪውም አለ። እሷ የደወለችው ለአንቺ ነው። ፎርም ሳታስሞላሽ መድባሻለች እኮ!

አንቺስ ምን አደረግሽ? አኮረፍሽ።

ልቆጣሽ ነውና ታገሺኝ። ጳውሎስ የቆሮንቶስን ሰዎች «ሕፃናት» ያላቸው ለምን እንደሆነ ታስታውሻለሽ? ጸሎት አንሷቸው፣ ስጦታ ጎድሏቸው አይደለም። በዚያው መልእክት መጀመሪያ ላይ አንድ የጸጋ ስጦታ እንኳ እንደማይጎድልባቸው ይመሰክርላቸዋል። ምዕራፍ 3 ላይ ግን ወተት ጋትኋችሁ ይላቸዋል፤ ምክንያቱን ሲነግራቸው ደግሞ ቅናትና ክርክር ይላል። አንዱ የጳውሎስ ነኝ፣ ሌላው የአጵሎስ ነኝ ይባባሉ ነበር። ማን ይበልጣል፣ ማን ይቀድማል። መሪያችሁ ያንን ጨዋታ ወረቀት ላይ አወጣው፣ አንቺም ገብተሽ ተጫወትሽ። ፎርሙ ስለ አንቺ ውሸት ተናግሮ ነበር፤ አምስት ሳምንት አኩርፈሽ እውነት ልታደርጊው ምንም አልቀረሽም።

እኔ ይህን በሽታ ከውጭ ሆኜ አላውቀውም። በወጣትነቴ ደብተር ነበረኝ። ጸሎት፣ ጾም፣ ንባብ እያልኩ በየቀኑ ምልክት አደርግበት ነበር። አንድ ወር አንዲት ምልክት ሳላጓድል ጨረስኩ። ለወንድሜ ላሳየው ፈለግኩ፤ ግን ተኳርፈን ስለነበር ደብተሩን ጠረጴዛ ላይ ከፍቼ ተውኩለት።

ደረጃ የለም እያልኩሽ አይደለም፣ አለ። ዮሐንስ በመጀመሪያው መልእክቱ ምዕራፍ 2 ላይ ለሦስት ዓይነት ሰዎች ይጽፋል፦ ለልጆች፣ ለጎበዞች ማለትም ለወጣቶች፣ ለአባቶች። ረጋ ብለሽ አንብቢው። ልጆች ኃጢአታቸው ተሰርዮላቸዋል፣ አብን አውቀዋል። ጎበዞች ብርቱዎች ናቸው፣ ክፉውን አሸንፈዋል። ለአባቶች ሲደርስ ግን ወሬው ያጥራል። «ከመጀመሪያ የነበረውን አውቃችኋል» ይላቸዋል። ሁለተኛ ሲጽፍላቸውም ያንኑ ይደግመዋል። ስለ ድል አያነሳም፣ ስለ ስሜት አያነሳም። አወቁት፣ በቃ። ደግሞም አባት የሚባል ሰው ልጅ ያለው ነው። እናትም እንዲሁ። በ14 ዓመት ወይም በ40 ጥያቄ አይደለም፤ ሌሊት የሚጠራት ሰው ስላለ ነው እናት የምትባለው። የዕብራውያን ጸሐፊም አንባቢዎቹን የሚወቅሳቸው ከጊዜው የተነሣ አስተማሪዎች መሆን ሲገባችሁ እንደገና ወተት ፈለጋችሁ ብሎ ነው። ይህችን ወቀሳ ለራስሽ ውሰጃት።

አሁን ወደ 27ኛው ጥያቄ። እዚህ ላይ መቆጣቱን እተዋለሁ።

የኦርቶዶክስ አባቶቻችን ዐሥሩን የቅዱሳን መዓርጋት፣ የመንፈሳዊ ሕይወት ደረጃዎችን፣ ሲቆጥሩ ከጽማዌ ይጀምራሉ፣ ከዝምታ። ቀጥሎ ልባዌ፣ ማስተዋል። ሦስተኛው ጣዕመ ዝማሬ ነው። ያ ድሮ የነበረሽ፣ ዝማሬው አፍሽ ላይ የሚጣፍጥበት። ሦስተኛ ነው እንግዲህ፣ ገና ሰባት ይቀራል። አንቺን በዚያ መሰላል ላይ ላስቀምጥሽ አይደለም፤ መሪያችሁን ነቅፌ እኔው ልደግመው? አንድ ነገር ብቻ እይልኝ። ጣዕሙን የመንገዱ መጨረሻ አላደረጉትም። አንቺ ግን ጣዕሙ ሲሄድ እምነቱም አብሮ የሄደ መሰለሽ።

ሦስት ዓመት ምንም ሳይሰማሽ ጠዋት ጠዋት ተነሥተሻል። ለምን? የሚያይሽ የለም፣ የሚያጨበጭብ የለም፣ የሚጣፍጥ ነገር የለም። ያላመነ ሰው ይህን አንድ ሳምንት እንኳ አይችለውም። ሲጣፍጠው የሚበላ ብዙ ነው። አንቺ ሳይጣፍጥሽ ገበታው ላይ ተቀምጠሻል፤ ይሄ ወደ ኋላ መመለስ ከሆነ ወደ ፊት መሄድ ምን እንደሚመስል እኔ አላውቅም።

ደግሞ ያንን ጥያቄ በሐሰት ብትሞዪው ማን ያውቅብሽ ነበር? «አይሰማኝም» ማለት ውጤትሽን እንደሚያወርደው እያወቅሽ ጻፍሽው። ጳውሎስም እያደገ ሲሄድ ስለ ራሱ የሚናገረው አላደገም። ለቆሮንቶስ ሰዎች «ከሐዋርያት ሁሉ የማንስ ነኝ» አለ። ለኤፌሶን «ከቅዱሳን ሁሉ ይልቅ ለማንስ ለእኔ» ሆነ። ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ደግሞ ከኃጢአተኞች «ዋና እኔ ነኝ»። የእናንተን ፎርም ቢሞላ የት እንደሚመደብ እንጃ።

ማርቆስ ምዕራፍ 4 ላይ ያለው ገበሬም አለ። ዘሩን ዘርቶ ይተኛል፣ ይነሣል። መጀመሪያ ቡቃያ፣ ኋላም ዛላ፣ ኋላም በዛላው ፍጹም ሰብል። እንዴት እንደሆነ ግን ሰውየው አያውቅም ይላል። በየማለዳው እየሄደ ምን ያህል በቅሏል ብሎ አልነቀለውም።

ወደ ቡድኑ ተመለሺ ወይ አትመለሺ፣ እሱን አንቺ ታውቂያለሽ። ቸኩለሽ ባትወስኚ ደስ ይለኛል። ለልጅቷ ግን ዛሬ ማታ ደውይላት። ዘዴ አታስተምሪያት፣ ጥቅስም አትደርድሪላት። ለእኔ የጻፍሽውን ንገሪያት፤ ሦስት ዓመት ምንም አልሰማሽም፣ ጠዋት ግን ትነሻለሽ። ጎልማሳ ተብላ ከተለጠፈች ወዲህ ጸሎት እምቢ አለኝ ለማለት የምትደፍረው ለማን መሰለሽ? አንቺ ለማንም ያልተናገርሽውን እሷም ለማንም ሳትናገር እየዞረች ይሆናል።

ካላነሳች ድገሚላት። እስከ ሦስተኛው ድረስ መቀየም አይፈቀድልሽም።